ወደ ኋላ ወንበር የላክኋት ልጅ

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሞላኝ፤ እግሬ ግን አሁንም ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ከቤት ይወጣል። ለባብሼ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ መካኒሳ ታክሲ መያዣው ጋ ከደረስኩ በኋላ ነው የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ የሚለኝ። አንድ ቀን ረዳቱ «ለቡ! ለቡ! ሁለት ሰው!» ሲል ሳላስበው ገባሁ። እሠራበት የነበረው ትምህርት ቤት በር ላይ ወርጄ የሚገቡትን ልጆች ቆሜ ሳይ ዘበኛው ወጣና፣

«እትዬ አስቴር፣ የረሱት ዕቃ አለ እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ በዚህ ሳልፍ ነው» ብዬ ዋሸሁ። በዚያ በኩል ወደየትም አይታለፍም። መንገዱ እዚያው ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ነው የሚያልቀው።

ልጄ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው አንድ ቦታ የማትቀመጪው?» ትለኛለች። ምን እንደሆንኩ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጆች ሳስቀምጥ ሳነሳ ኖሬ፣ አንዷን ያስቀመጥኩበት ቦታ ዛሬም አላስቀምጥ ስላለኝ ነው።

የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበርኩ። አሁን አሁን ወላጁም ተማሪውም ስሙን ለምዶታል። እኔ መጀመሪያ ጎፋ ስመደብ ግን መምህራኑ እንኳ ሥራዬ ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። አንዱ «ዶክተር ነሽ ወይስ የንስሐ አባት?» ብሎ ጠይቆኛል። ሌላው ተማሪ ሲረብሸው «አስቴር ጋ ነው የምልክህ!» እያለ በእኔ ያስፈራራ ነበር። ደሞዙ ያው የመምህር ነው፤ በየወሩ የሚሞላው ቅጽ ግን የሦስት ሰው። ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጎፋ ስደርስ እሳቸው ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ በበጋም ካፖርት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ቢሯችን የድሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ ግማሹን የተሰባበረ ዴስክ ይዞታል። ጋሽ ታደሰ ከቤተ መጻሕፍቱ የተቀዳደዱ የመማሪያ መጻሕፍት እየሰበሰቡ ጠረጴዛው ላይ ይከምራሉ። ልጅ ሲመጣ «ና፣ እስቲ አግዘኝ» ይሉትና ሙጫውን ያቀብሉታል። ከጎኑ ይቀመጣሉ እንጂ ፊት ለፊቱ አይቀመጡም። እጁ ገጽ እየለጠፈ፣ ዓይኑ መጽሐፉ ላይ እንደሆነ፣ ለእናቱ ያልነገረውን ሲናገር ሰምቻለሁ።

«ለምን» የሚለውን ቃል ከልጅ ጋር አይጠቀሙም። «ለምን ካልሽው ጠበቃ ይሆንብሻል» ይሉኝ ነበር። «ዛሬ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ያየኸው ሰው ማን ነው በይው። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሱ ይነግርሻል።» ልጁ ፊት አይጽፉም። እሱ ሲወጣ በሩን ዘግተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ያለውን በራሱ ቃል ያሰፍራሉ። የራሳቸውን ግምት ከሥር በእርሳስ ነው የሚጽፉት። «ግምት የሚጠፋ ነገር መሆን አለበት» ይላሉ።

አንድ ጊዜ የአራተኛ ክፍል መምህርት አንዲት ልጅ እጇን ጎትታ አመጣች። «ይቺ ልጅ ሰይጣን አለባት። እያነበበች ድንገት ዝም ትላለች፣ ስጠራት አትሰማኝም፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ትቀጥላለች» አለች። እኔ አዲስ ምሩቅ ነበርኩና ጭንቀት ነው፣ የቤት ችግር ነው ብዬ ወዲያው መተንተን ጀመርኩ። ጋሽ ታደሰ ዝም ብለው ሦስት ቀን ክፍሏ ገብተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው፣ ልጅቱ በተመሰጠች ቁጥር ስንት ሴኮንድ እንደፈጀባት መዘገቡ። ከዚያ አባትየውን ጠሩ። አባትየው ጸበል ሊወስዳት እየተዘጋጀ ነበር።

«ይውሰዷት» አሉት። «ግን መንገድዎን በሐኪም ቤት በኩል ያድርጉት። ይቺን ወረቀት ለሐኪሙ ይስጡልኝ።»

የሚጥል በሽታ ነበር፤ የማይጥለው ዓይነት፣ ለአፍታ ብቻ የሚወስደው። መድኃኒት ጀመረች፣ ንባቧም ተስተካከለ። ያን ቀን ጋሽ ታደሰ እኔን አስቀምጠው፣

«አስቴር፣ ልጅ ሲመጣልሽ መጀመሪያ ዓይኑን እይ፣ ጆሮውን እይ፣ እንቅልፉን ጠይቂ፣ የበላውን ጠይቂ። ልቡ የትም አይሄድብሽም፣ ቆይተሽ ታገኚዋለሽ» አሉኝ።

የጆሮውን ምርመራም ያኔ አሳዩኝ። ልጁ ጀርባውን ይሰጥሻል። አንዱን ጆሮውን በመዳፉ ይደፍናል። አንቺ ክንድሽን ዘርግተሽ ትከሻው ላይ የምትደርሺበት ርቀት ላይ ትቆሚያለሽ። ትንፋሽሽን እስከ መጨረሻው ታወጪያለሽ፤ ሹክሹክታው ድምፅ እንዳይኖረው ነው። ከዚያ «ሁለት፣ በግ፣ ሰባት» ትያለሽ። ልጁ ይደግማል። ሌላውን ጆሮ ደግሞ በሌላ ቃል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መሣሪያ አይጠይቅም። የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ እኔ መካኒሳ ተዛወርኩ። እዚያ የነበረው ዳይሬክተር ባዶ እጁን የተቀመጠ ሠራተኛ ማየት አይወድም። ከልጅ ጋር ማውራት ደግሞ ለእሱ ባዶ እጅ መቀመጥ ነው። ደወል አስደወለኝ፣ የፈተና ወረቀት አስቆጠረኝ፣ የሥነ ዜጋ መምህሩ በታመመ ጊዜ አንድ ሴሚስተር አስተማርኩ። እረፍት ሰዓት ግን ጋሽ ታደሰ እንዳስለመዱኝ ግቢውን እዞር ነበር። በየወሩ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ሴት ልጆች ለቀናት ይቀራሉ። መምህራኑ «ግዴለሽ ሆነዋል» ይላሉ። ስዞር የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር ማጠፊያው ተነቅሎ አየሁ። አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ትቆማለች፤ ጓደኛ የሌላት ቤቷ ትቀራለች። አናጺ አምጥቼ በሩን አስጠገንኩ፤ ልጆቹም መቅረት ተዉ። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ አመሰገነኝ፣ ከክፍለ ከተማ መጥተው ጎበኙኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎበዝ ነኝ ብዬ አሰብኩ። አሁን ወደ ኋላ ሳየው የተበላሸሁት ያኔ ይመስለኛል።

ከዚያ ለቡ አካባቢ የተከፈተ አዲስ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ያኔ ሰፈሩ ግማሹ እርሻ፣ ግማሹ ግንባታ ነው። ጤፍ ተዘርቶበት የነበረ መሬት ላይ በዓመቱ ባለ አራት ፎቅ ይቆማል። ተማሪዎቻችን ከከተማው መሐል ወደ አዲሶቹ ቤቶች የገቡ የመንግሥት ሠራተኞችና የነጋዴዎች ልጆች፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ የአካባቢው የጥንት ገበሬዎች ልጆች ነበሩ።

ጫልቱ ከነዚህ ከኋለኞቹ አንዷ ናት። ሰባተኛ ክፍል ነበረች፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ነጠላዋን ጆሮዋ ድረስ የምትከናነብ። ኦሮምኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ተምራ ነው ወደ እኛ የመጣችው። የክፍል ኃላፊዋ «አትረብሽም፣ ግን የለችም። ስጠይቃት ታየኛለች፣ አትመልስም። እልኸኛ ናት» ብሎ ላከልኝ።

አባቷን ኦቦ ገመቹን አስጠራሁ። ከፊል መሬታቸው ለቤት ግንባታ ተወስዷል። አሁን እዚያው የድሮ ማሳቸው ላይ በሚሠራው ሕንፃ ዘበኛ ሆነው ያድራሉ። «የራሴን መሬት ለሰው እጠብቃለሁ» ሲሉኝ ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም ያን ሰዓት ጫልቱን ያወቅኋት መሰለኝ። መሬቷን ያጣች፣ ቋንቋዋ የተቀየረባት፣ ሐዘኗን በዝምታ የያዘች ልጅ። ታሪኩ ያምር ነበር። አምሮም ስለነበር አመንኩት።

በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮዬ ትመጣለች። ከጋሽ ታደሰ እንደተማርኩት ከጎኗ ተቀምጬ መጽሐፍ እንለጥፋለን። በግራዋ በኩል ነበር የምቀመጠው፣ መስኮቱ በዚያ ስለሆነ። ምንም አትናገርም። ዞሬ ፊት ለፊቷ ስሆን ግን ጥቂት ትመልስልኛለች፤ እሱም ከንፈሬን ከንፈሬን እያየች። ማስታወሻዬ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ዛሬም ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ «ፊት ለፊት ስንሆን ትከፈታለች። የእናትነት ፊት ትፈልጋለች።» በእርሳስ አልነበረም። በእስክሪብቶ ነው።

ጆሮዋን ግን አልመረመርኩም። ረስቼው አይደለም። አስፈላጊ አልመሰለኝም።

በወሩ መጨረሻ ለመምህራኑ በጽሑፍ ምክር ሰጠሁ። ልጅቱ በሐዘን ላይ ስለሆነች ጫና እንዳይበዛባት፤ ጥያቄ እንዳትጠየቅ፤ ከፊት ወንበር ተነስታ ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ሰላም የምታገኝበት ቦታ ትቀመጥ። መምህራኑ በደስታ ተቀበሉት። አንድ ጸጥ ያለች ልጅን መተው የሚከብደው መምህር የለም። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ማንም ምንም አልጠየቃትም።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወደቀች። በመስከረም አልተመዘገበችም። «አዘንኩ» ማለት እችላለሁ፤ ነገር ግን ያኔ የተሰማኝ ሐዘን የመዝገቤን ገጽ እንደ መዝጋት ያለ ነገር ነበር። ብዙ ልጅ ይወድቃል።

ጥቅምት ላይ፣ የተማሪዎች መውጫ ሰዓት፣ ጫልቱ በር ላይ ቆማ አየኋት። አንደኛ ክፍል የገባችውን ታናሽ እህቷን ሌንሴን ልትወስድ ነው የመጣችው። የምትሠራበት ግንባታ ሲሚንቶ ጫማዋ ላይ ደርቋል። ደስ ብሎኝ «ጫልቱ!» ብዬ ጠራኋት። ሦስት ሜትር አይሆንም። አልዞረችም። «ጫልቱ!» አልኩ እንደገና።

ሌንሴ የእህቷን እጅ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ናት።

«በዚያ በኩል አትጥሪያት» አለችኝ። «በዚያ በኩል አትሰማም። በዚህ በኩል ነይ።»

እዚያው መሬት ላይ የቆምኩበት ቦታ ዛሬም ይታየኛል። ሕፃኗ በአንድ ትንፋሽ የነገረችኝን እኔ በዲግሪዬ፣ በልምዴ፣ በምስጋና ወረቀቴ ዓመት ከመንፈቅ አላየሁትም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ ከጥበቃ ተመልሰው ደጅ ተቀምጠዋል። ጫልቱም ነበረች። ስለ ጆሮዋ ስጠይቃቸው፣ «ልጅ ሆና ይመግል ነበር። ደረቀ፣ ተሻላት ብለን ተውነው» አሉ።

ጀርባዋን እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ቀኝ ጆሮዋን ደፈነች። ክንዴን ዘረጋሁ፣ ትንፋሼን አወጣሁ፣ «ሁለት፣ በግ፣ ሰባት» አልኩ። ዝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩ። ዝም። ጮህኩ። አባቷ ከተቀመጡበት ተነሱ። በቀኟ በኩል ሲሆን «በግ» ብቻ ደገመች።

ዞራ ስታየኝ እያለቀስኩ ነበር። የሚያስፈልጋት የኔ እንባ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል።

«ጫልቱ፣ ለማንም አልነገርሽም እኮ» አልኳት። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ጥፋቱን ወደ እሷ መግፋት ነበር።

«ምን ብዬ ልንገር?» አለች። «ሰው ሁሉ እንደዚህ የሚሰማ ነበር የሚመስለኝ። እናንተ ጎበዝ ስለሆናችሁ የምትረዱ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ትምህርቱ የሚቋረጥ ነበር የሚመስለኝ። ዞሮ ሲመለስ ግን ሁሉም አውቀውታል።»

ከንፈሬን እያየች ቀጠለች። «ፊት እያለሁ ከንፈራቸውን አይ ነበር። ኋላ ስሄድ እሱም ቀረ።»

«ስለ መሬታችሁ ያዘንሽ መስሎኝ ነበር» አልኩ።

«እኔ?» አለች፣ በእውነት ገርሟት። «ያዘነው አባቴ ነው። እኔ ያዘንኩት ሒሳብ ስላልገባኝ ነው።»

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የግራው ጆሮ ታምቡር ድሮ ነው የጠፋው። ቀኙ በመድኃኒትና በመስሚያ መሣሪያ ይረዳል ተባለ። አዲሱ ዳይሬክተራችን ስምንተኛ ክፍልን እንድትደግም እንዲፈቅድላት ለመንኩት፣ ፈቀደም። እሷ ናት እንቢ ያለችው። «እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ሰው መስዬ ተቀምጫለሁ። ሦስተኛ አልጨምርም» አለችኝ። ግንባታ ሥራዋን ቀጠለች። ሴራሚክ ማንጠፍ ተማረች። አሁን የራሷ ሁለት ሠራተኞች አሏት፤ በቀኝ ጆሮዋ መሣሪያዋን አድርጋ ነው የምትሠራው። በግል ተፈትና ስምንተኛንም አልፋለች፤ ይህን የሰማሁት ከሌንሴ ነው እንጂ ከእሷ አይደለም።

ጫልቱን ሐኪም ቤት በወሰድኳት ሰሞን ጋሽ ታደሰ ጋ ሄጄ ነበር። አርጅተዋል፣ ያን ካፖርታቸውን ለብሰው ጎፋ ቤታቸው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ፣

«ይህን ካወቅሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አሉኝ።

«ሦስት ሳምንት።»

«በሦስት ሳምንት ውስጥ የስንት ልጅ ጆሮ አየሽ?»

አንድም አላየሁም ነበር። ስለ ራሴ ሳዝን ነው ሦስት ሳምንት የቆየሁት። በማግስቱ ከአንደኛ ክፍል ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታዬ ድረስ ወደ ግቢያችን ገብቶ ጀርባውን ሳይሰጠኝ ያለፈ ልጅ የለም። መምህራኑ «የበጓ ሴትዮ» ይሉኝ ጀመር። ይበሉ።

በእኔ ቦታ የተተካችው ወጣት ሜሮን ትባላለች። ጎበዝ ናት፣ ከእኔ የበለጠ አንብባለች። ቢሮውን ሳስረክባት የጫልቱን መዝገብ አውጥቼ አሳየኋት፤ ያቺን በእስክሪብቶ የተጻፈች መስመር ጭምር። ጣቷን በመስመሩ ሥር እያስኬደች ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እትዬ፣ እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምጽፈው» አለች።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያሳየሁሽ።»

ባለፈው ወር ሜሮን ደወለችልኝ። ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች መምህራን ስልጠና አዘጋጅታለች፣ እንድናገር ፈለገች። እኔ ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት በስልጠና ላይ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ «አንዲት ልጅ ነበረች» እያልኩ፣ ስም ሳልጠራ፣ ሰውም እያደነቀኝ። በዚህኛው ጊዜ አፌ አልታዘዝልሽ አለኝ። ጫልቱ የምትሠራበት ሕንፃ ሄድኩና አንቺ ተናገሪው ብዬ ጠየቅኋት። ሴራሚኩን እየለካች ሰማችኝ።

«ምን ብዬ ነው የምናገረው?»

«የሆነውን።»

«የእርስዎንም?»

«በተለይ የእኔን።»

መጣች። የሥራ ልብሷን ቀይራ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ፣ ነጠላ ሳትከናነብ። መምህራኑ ፊት ቆማ ወረቀት ሳትይዝ ተናገረች። ወደ ሰሌዳው ዞራ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ድምፅ ሳታሰማ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች አንድ ደቂቃ ያህል «አስተማረች»። ዞራም፣ «ገባችሁ? ጥያቄ ያለው?» አለች። የሳቀ የለም። ከዚያ ወደ ኋላ ማን እንደላካት ተናገረች፤ ስሜን ጠርታ፣ በጣቷ አሳይታ። ስልሳ መምህር ዞሮ አየኝ። እንዲያዩኝ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

ስንወጣ እስከ ታክሲው አብረን ሄድን። መንገዱ እየተቆፈረ ነው፣ ሲኖትራኩ አሸዋ ይገለብጣል። ያን ሁሉ ዓመት አልቅሻለሁ፣ ሐኪም ቤት አመላልሻታለሁ፣ ዳይሬክተር ለምኜላታለሁ፤ አንዲቱን ቃል ግን ፊት ለፊት አላልኳትም ነበር።

«ጫልቱ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«አልሰማሁም» አለች።

በቀኟ በኩል ዞርኩና ደገምኩት።

«አልሰማሁም፣ ቲቸር። መኪናው ነው።»

ቆምኩ። ፊት ለፊቷ ሆኜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በትልቁ ጮህኩ፤ «ይቅር በይኝ!» በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ማራገቢያዋን ይዛ ቀና አለች። የታክሲ ረዳቱ ጥሪውን አቋረጠ። ጫልቱ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል፣ በአፏ ጥግ ፈገግ አለች። ከመጀመሪያው ሰምታኝ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም።

«አሁን ሰማሁ» አለች። «መልሱን አስቤ እነግርዎታለሁ።»

ታክሲው ውስጥ ገባች። ማክሰኞ ሥራ እንደሌላትና ሜሮን ሌላ ትምህርት ቤት እንድንሄድ እንደጠየቀቻት በመስኮቱ ነገረችኝ፤ ሁለት ሰዓት ላይ እዚሁ እንገናኝ አለች። ከዚያ ወዲህ ሦስት ማክሰኞ አብረን ወጥተናል። እኔ ልጆቹን ጀርባቸውን እያስዞርኩ አንሾካሹካለሁ፣ እሷ መምህራኑን ታናግራለች። ያሰበችውን ገና አልነገረችኝም። አልጠየቅኋትምም።